መዝገቡ የማያውቀው ዕርቅ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 ቁጥሮች አሉት። የሕግ ተመራማሪዎችን ከስልሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው ግን ከመጨረሻዎቹ አንዱ፣ ቁጥር 3347 ነው። ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረ ደንብ፣ የተጻፈም ይሁን በልማድ የኖረ፣ በግልጽ ካልተጠበቀ በቀር ተሽሯል ይላል። ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲዳኝበት የኖረው ሁሉ፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዓይን እንደሌለ ተቆጠረ ማለት ነው።

ይሁንና ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች አዋጅ ወጣ ብለው ዕርቅ አይተዉም። ድንበሩ የተገፋ ገበሬም ከወረዳ ፍርድ ቤት በፊት የሚጠራው ሽማግሌ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ተሽሯል የተባለው ነገር ዛሬ የት ነው ያለው? ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብለው የያዙ የሕግ ምሁራንን ለማነጋገር ከአዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው መንገድ እስከ ሐዋሳ ወረድኩ። ስማቸውን አልጠቅስም። ያወሩኝ እንደ እንግዳ ተቀብለው፣ ገና ያልታተመ ሥራቸውን ዘርግተው ነውና።

የመጀመሪያውን ሰው ያገኘኋቸው ስድስት ኪሎ ነው። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሕግ ፋኩልቲው ሲከፈት ዲኑ አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ከመምህራኑም የበዙት ከውጭ የመጡ ናቸው። እኚህ ፕሮፌሰር ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ወገን ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መምጣት አልተዉም፤ ሠራተኞቹም ወንበራቸውን ያውቁታል።

ምርምራቸው የሕጉ ታሪክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ የፓሪስ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ጻፉት፣ እዚህ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ዳቪድ ሕጉ ከታወጀ በኋላ ባሳተሙት ጽሑፍ ሐሳባቸውን አልሸሸጉም። ኢትዮጵያ ሕጓ እንደ ሌሎች አገሮች በልምድ እያደገ እስኪደረጅ ሦስትና አምስት መቶ ዓመት ልትጠብቅ አትችልም፣ በአንድ ጊዜ የሚዘረጋ ሥርዓት ያስፈልጋታል አሉ። በኔ ትውልድ ይህን አንብቦ የማይቆጣ የሕግ ተማሪ ጥቂት ነው። እኔም ቁጣዬን ይዤ ነበር የሄድኩት።

«አይ፣ ሰውየው ላይ አትቸኩዪ» አሉኝ ፕሮፌሰሩ። «እሳቸውን የጠራ ማን ነው? እኛው ነን። የዚያን ጊዜ ዘመናዊ ሕግ የሌለው አገር፣ አገር አይባልም ነበር። ደግሞ ደህና አድርገሽ አንብቢው፤ ልማዱ ሙሉ በሙሉ አልወጣም።»

ከቦርሳቸው ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ አወጡ። የገጾቹ ጠርዝ ላይ በሦስት ዓይነት ቀለም ተጽፎበታል። እርሳሱ የተማሪነታቸው፣ ሰማያዊው የመምህርነታቸው፣ ቀዩ የጡረታቸው መሆኑን ነገሩኝ። ጣታቸውን ቁጥር 2116 ላይ አሳረፉ። ሰው ሲሞት ወይም አካሉ ሲጎዳ ለኅሊና ጉዳት ስለሚከፈል ካሳ የሚናገር ነው። ፍርድ ቤቱ የካሳውን መጠን ሲወስን፣ ቤተሰቡን ማን እንደሚወክልም ሲለይ፣ የአካባቢውን ልማድ እንዲመለከት ያዛል። ከዚያ ካሳው በምንም ሁኔታ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይገድባል።

«ጉማ ነው እኮ ይኼ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ጎናችን የተቀመጠው ተማሪ ቀና አለ። «የደም ካሳ ነው። 3347 ላይ ልማዱን ሻሩት፣ 2116 ላይ ደግሞ ዳኛው ልማዱን እንዲጠይቅ አዘዙት። የትኛው ዳኛ ነው ግን የጠየቀው?»

የእሳቸው ምርምር የደረሰበት እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ባዩአቸው የቆዩ ውሳኔዎች ዳኞች ሺህ ብሯን ይጠቅሳሉ እንጂ ልማዱን ማጣራት ላይ አይደክሙም። ጣሪያው ተወሰደ፣ መሠረቱ ተተወ። በዚያ ዘመን ሺህ ብር ለገበሬ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ በግ አይገዛም። ልጁ የሞተበት አባት ይህን ተቀብሎ ከፍርድ ቤት ሲወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ከብት ተቆጥሮ፣ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ደም መድረቁን ቢመርጥ ማን ሊፈርድበት ይችላል?

ፕሮፌሰሩን ስሰናበት አንድ ነገር አሳሰቡኝ። ሽማግሌን መንግሥት ካቀፈው ሹም ይሆናል፣ ሹም ከሆነ ደግሞ ሽማግሌነቱ ያልቃል አሉ። የመንደር ዳኝነት ጉልበቱ ከደመወዝ ውጪ መሆኑ ነው ብለው ያምናሉ። ይህን በልቤ ይዤ ወጣሁ።

ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፌ አርሲ ነገሌ ስደርስ የጠበቀችኝ የሕግ መምህርት ናት። ለዶክትሬቷ የምታጠናው የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ያቋቋማቸውን የባህል ፍርድ ቤቶች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 78 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች እንዲህ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ማቋቋም ወይም ዕውቅና መስጠት እንደሚችሉ ይናገራል። ለብዙ ዓመታት በዚህ በር የገቡት በተለይ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነበሩ። የባህሉ ዳኝነት በአዋጅ ተቋቁሞ ሲመጣ ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

«ከማውራቴ በፊት ተቀምጠሽ እዪ» አለችኝ። በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ያለ ቀበሌ ወሰደችኝ።

ጉዳዩ ቀላል ነው። የአንዱ በሬዎች ሌሊት በረት ሰብረው ወጥተው የጎረቤትን ድንች በሉ። ባለ ድንቹ በንዴት አንዱን በሬ መታው፤ በሬው ያነክሳል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ መረቁ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ ለዝናቡም ለከብቱም ለልጁም። ከዚያ አንደኛው ተናገረ። ሲናገር ማንም አላቋረጠውም፣ ባላጋራው እንኳ መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። ተራው ሲደርስ እሱም እንዲሁ ተሰማ። እኔ በፍርድ ቤት ችሎት ባየሁት ሁሉ ሰው እንዲህ እስኪጨርስ ሲሰማ አላየሁም፤ «ወደ ፍሬ ነገሩ ግባ» መባሉ የተለመደ ነው። እዚህ ግን ሰውየው ስለ በሬው ዕድሜ፣ ከማን እንደገዛው፣ የጎረቤቱን ልጅ ሠርግ እንዴት እንደረዳ ሁሉ ነገራቸው። ይህን ሁሉ የሰሙት ሽማግሌዎች ናቸው ፍርዱን ያወጡት። የድንቹ ጉዳት በበሬው ጉዳት ላይ ተሰልቶ ልዩነቱ እንዲከፈል፣ ከዚያ በፊት ግን ሁለቱ ተነስተው እንዲሳሳሙ አዘዙ።

አንድ ወጣት ከጎናቸው ተቀምጦ በእስክሪብቶ ይጽፋል። መምህርቷ ዓይኗ ከእሱ አልተነሳም። «የኔ ምርምር ያ ደብተር ነው» አለችኝ ስንመለስ። ቀድሞ የሽማግሌ ፍርድ አይጻፍም ነበር፤ ለዚህ ሰው፣ ለዚህ ቀን፣ ለዚህ ቂም የተመጠነ ነበር። አሁን ይጻፋል፤ ይግባኝ የሚባልበት የባህል ፍርድ ቤት አለ። ተከራካሪው «ባለፈው ለእገሌ እንዲህ ፈርዳችሁ የለም ወይ» ማለት ጀምሯል። ይህ ለደካማው ጥሩ ነው፤ ጉልበተኛና ዘመደ ብዙ የሆነው ሰው እንዳሻው እንዳያስፈርድ ያግደዋል። ግን ፍርዱ እየደረቀ፣ እየተቆረጠ፣ ወረዳ ፍርድ ቤቱን እየመሰለ ሊሄድ ይችላል። የትኛው እንደሚያይል ገና አላወቀችም፤ ደብተሮቹን በየቀበሌው እየዞረች የምታነበው ለዚህ ነው። የፕሮፌሰሩን ስጋት ነገርኳት። «ልክ ናቸው» አለች፣ «ግን እሳቸው ያልተጻፈ ፍርድ የጎዳትን ሴት አግኝተዋት አያውቁም።»

ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አንዲት እናት ቀጭን በትር ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሲንቄ ነው። በአርሲ ልጅ ስትዳር እናቷ ትሰጣታለች። ባል እጁን ሲያነሳ፣ በተለይ በአራስነቷ፣ ሴትዮዋ ከቤቷ ወጥታ ትጮኻለች፤ የሰሙት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ በትራቸውን ይዘው፣ እየዘመሩ ይወጣሉ። የተሰለፉበትን መንገድ ወንድ አያቋርጥም። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ፣ አርዶ፣ ይቅርታ ለምኖ ካልታረቀ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ልማድ ሁሉ ሴትን ከደጅ ያቆማል ብሎ ለጻፈ ሰው ይህ ከባድ መልስ ነው፤ መምህርቷም በዚህ ላይ የቆየ ክርክር አላት።

ሆኖም ሲንቄን የወደደች ተመራማሪ ሲንቄ ያልደረሰበትን አልሸሸገችኝም። ጠለፋን አነሳች። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን በፈቃዷ አገባችው ከተባለ ክስ እንዳይቀጥል ይፈቅድ ነበር። ሽማግሌውም ከጠለፋ በኋላ የሚሄደው ለዚሁ ነው፤ ካሳ ተቆርጦ፣ ቤተሰብ ታርቆ፣ ጋብቻ ሆኖ እንዲያልቅ። «ሁሌ ሕጉና ልማዱ ተጋጩ ይባላል» አለች። «እዚህ ላይ ግን ተስማምተው ነበር። ተስማምተው ልጅቷን ጣሏት።»

በዚሁ በአርሲ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ልታመልጥ ስትል የተከተላትን ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። በ1987 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው። የማህበሩ መሥራች መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ጋብቻ ተፈጸመ ብሎ ጠላፊ ከቅጣት እንዳያመልጥ በሩን ዘጋ። መምህርቷ ይህን ለተማሪዎቿ ስታስተምር የምትጀምረው ከአዲሱ ሕግ አይደለም፤ ከዚያች ልጅ ቤተሰብ ደጅ ስንት ሽማግሌ እንደቆመ በመጠየቅ ነው። እኔ ከዚህች ሴት ጋር ነኝ። ልማድን ማክበር ማለት ያደረሰውን በደል መሸፈን ከሆነ ጥናት ሳይሆን ውዳሴ ነው የሚሆነው፤ የውዳሴ እጥረት ደግሞ የለብንም።

ሐዋሳ የገባሁት በማምሻ ነው። ሦስተኛው ሰው በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ከዚያ በፊት ግን ለረጅም ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን የጀመርነው ወሬ ሌሊቱን ይዞን ሄደ። ከሦስቱም ይልቅ ሳስበው የሰነበትኩት የሱን ነው።

የምርምሩ መነሻ ራሱ ይዞት የተሸነፈበት የግድያ ክስ ነው። ምስክሮቹ በፖሊስ ምርመራ ወቅት ያዩትን አንድ በአንድ ተናግረዋል፤ ቃላቸው ይገጣጠማል፣ ፈርመዋል። ችሎት ሲቀርቡ ግን የመጀመሪያው ጨለማ ነበር አለ። ሁለተኛው የደረስኩት ካለቀ በኋላ ነው አለ። ሦስተኛው ምንም አላስታውስም አለ። ፍርድ ቤቱ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141 መሠረት ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ።

«ምስክሮቹ በገንዘብ ተገዙ ብዬ ነበር ያመንኩት» አለኝ። «ስንት ዓመት እንዲያ አምኜ ኖርኩ።»

መምህር ከሆነ በኋላ የተዘጉ የግድያ መዝገቦችን ለጥናት ሲያወጣ ያንን መዝገብ አገኘው፤ መንደሩ ድረስ ሄደ። የነገሩት ሌላ ታሪክ ነው። ምስክሮቹ ችሎት ከመቅረባቸው በፊት ሁለቱ ወገኖች ታርቀው ነበር። በሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ይወጣል፣ ይደመጣል፣ ሰምታችኋል ወይ እየተባለ ይጠየቃል፣ የቀረ ካለ ይጨመራል። ሐላሌ፣ ማለትም እውነት፣ የተባለውን የደበቀ ሰው በራሱም በዘሩም ላይ መዓት እንደሚጠራ ይታመናል። በዚያ ሶንጎ ገዳዩ ማድረጉን አምኗል። እነዚያ ምስክሮችም ያዩትን ሳይሸሽጉ ተናግረዋል።

ይህን ሲነግረኝ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሶንጎ ላይ እውነቱን ያወጡት ሰዎች ናቸው ፍርድ ቤት ቀርበው አላየንም ያሉት። ለእነሱ መዋሸት አልነበረም። ደም ደርቋል፤ ደርቆ ያለቀን ደም ዳኛ ፊት ቆሞ መጥራት ቂሙን መቀስቀስ ነው። መዝገቡ «በማስረጃ ጉድለት» ይላል፣ መንደሩ «ታርቀዋል» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ሞት ነው የሚያወሩት፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ዳኛው ዕርቁን አልሰማም፣ ሽማግሌው መዝገቡን አላየም። ሁለቱንም ያነበበ ይህ ተመራማሪ ብቻ ነው።

የሕግ ምርምር ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። የወንጀል ስታቲስቲካችን፣ የፖሊሲ ሰነዶቻችን፣ የሥልጠና መጽሐፎቻችን የሚሠሩት ከመዝገቡ ነው። መዝገቡ ግን ምስክር ለምን ቃሉን እንደገለበጠ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

የተገላቢጦሹንም አሳየኝ። ተፈርዶበት፣ ዓመታት ታስሮ፣ በአመክሮ የወጣ ሰው አለ። ለመንግሥት ዕዳው ተከፍሏል። የሟች ቤተሰብ ግን ሽማግሌ አልተላከበትም፣ ካሳ አላየም፣ ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም። ሰውየው መንደሩ ቢገባ ይገደላል። ስለዚህ ከማረሚያ ቤት ወጥቶ ሌላ ከተማ ቀን ሥራ እየሠራ ይኖራል፤ ሚስቱን የሚያያት ገበያ ቀን መጥታ ነው። ይህን የሚያውቁ ታራሚዎች እስር ቤት ሆነው ሽማግሌ ይልካሉ፣ ዘመድ ከብት ያዋጣል። ሕጉ የበደሉን ያህል ለመካስ መጣርን ለቅጣት ማቅለያነት ይቀበላል፤ በ2003 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ባህላዊ ዕርቅን ይጠቅሳል። ሕገ መንግሥቱ ግን የባህል ዳኝነትን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው የወሰነው። ግድያን የሚያስታርቀው ሽማግሌ የሚሠራው ከዚህ ወሰን ውጪ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጽፍም።

ታዲያ ምን ይሁን? ግድያ ለሽማግሌ ይሰጥ የሚሉ ባልደረቦች አሉት፤ እሱ አይልም። ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ያየው ብዙ ነው። ሀብታም ገዳይ ካሳውን ከኪሱ አውጥቶ ይሄዳል፣ ድሃው ዘመድ አዝማዱን ያደኸያል። የሱ ሐሳብ ጠባብ ነው። ዳኛው ዕርቅ መኖር አለመኖሩን በግልጽ ይጠይቅ፣ ያገኘውን በፍርዱ ይጻፍ፣ ቅጣቱን ሲወስን ይመዝነው፤ ክሱ ግን አይቋረጥ። ምስክር ዕርቁን ለማዳን ሲል እንዳይዋሽ የሚያደርገው ይህ ነው ይላል። የፕሮፌሰሩ ስጋት እዚህም ይመጣል፤ ዳኛው ዕርቁን የሚመዝን ከሆነ፣ ሰው ለይቅርታ ሳይሆን ለቅጣት ቅናሽ ሲል መታረቅ ይጀምራል። ብዙ ተከራከርን። እኔ ወደ እሱ አደላሁ፤ የማስመሰል ዕርቅ ዛሬም አለ፣ ቢያንስ ሲጻፍ ይታያል፣ የታየ ነገር ደግሞ ይታረማል። ዕርቁን በምሥጢር እየተጠቀሙ በአደባባይ የለም ማለት ግን ምስክሩንም፣ ዳኛውንም፣ ሽማግሌውንም ያዋርዳል።

ከመለያየታችን በፊት በጥናቱ የጎደለውን ራሱ አነሳው። ያነጋገራቸው ሽማግሌዎች፣ ታራሚዎች፣ ዳኞችና ምስክሮች ማስታወሻ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። በዚያ ሁሉ ውስጥ የሟች ሚስት የለችም። በመጀመሪያው መዝገብ ላይ ያለው ሟች ባለትዳር ነበር፤ የካሳውን ከብት የተቀበሉት ወንድሞቹ ናቸው። ሴትዮዋ በዕርቁ ተስማምታ እንደነበር የጠየቃት የለም፣ ፍርድ ቤቱም ሶንጎውም። እሱ ሊጠይቃት ሲሄድ የባሏ ወንድሞች አብረው ተቀመጡ፤ እሷም «እነሱ ያሉት ነው» ብላ ዝም አለች።

የአርሲ ነገሌዋን መምህርት ስልክ ሰጠሁት። አሁን ሥራውን በጋራ ይዘውታል። ሰውየው መዝገቦቹን ያወጣል፣ መምህርቷ ሴቶቹን ታነጋግራለች፤ ብቻቸውን፣ ወንዝ ሲወርዱ ወይም ገበያ ሲሄዱ፣ ባል ወንድሞች በሌሉበት። የመጠይቁን የመጀመሪያ ጥያቄ ልከውልኛል፦ «ታረቁ የተባለ ዕለት አንቺ የት ነበርሽ?»